ክንፍ ያላት እናት፣ ቀንድ ያለው አባት፦ ሀዋሳ ውስጥ «ሳጋ»ን የሚያነብ ሰው አለ?

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ አጭር ናት፤ መግቢያዋ ግን ትረዝማለች፤ ታገሱኝ።

የአክስቴ ልጅ ለበዓል ከካናዳ መጥቶ ሲመለስ ሻንጣው ከበደበት። ሁለት መጽሐፍ ጥሎልኝ ሄደ። አንዱን ተዉት። ሁለተኛው ኮሚክ ነው፤ ዓይነቱ ሳይንስ ፋንታሲ ይባላል፣ መንኮራኩርና አስማት አብረው የሚኖሩበት። ስሙ «ሳጋ»፣ ቅጽ አንድ። ጸሐፊው አሜሪካዊው ብራያን ኬ. ቮን፣ ሠዓሊዋ ካናዳዊቷ ፊዮና ስቴፕልስ ናቸው። እኔ የምውለው ባነር ማተሚያ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ሥዕል ሳይ ስለምውል ቶሎ አልደነቅም። ይሄኛው ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላንድፎል የምትባል ፕላኔት አለች። ሪዝ የምትባል ጨረቃ አለቻት። የላንድፎል ሰዎች ክንፍ አላቸው፤ የሚመኩት በቴክኖሎጂ ነው። የሪዝ ሰዎች ቀንድ አላቸው፤ የሚዋጉት በአስማት ነው። ሁለቱ ለብዙ ዘመን ደም ተቃብተዋል። አላና ክንፍ ያላት ወታደር፣ የእስር ቤት ጠባቂ ናት። ማርኮ ቀንዳም እስረኛ ነው። ተዋደዱ፣ ጠፉ፣ ወለዱ። የመጀመሪያው ገጽ የሚከፈተው በምጥ ነው። ከዚያ በኋላ የሁለቱም ወገን ሰው ያሳድዳቸዋል። ታሪኩን የምትነግረን የተወለደችው ልጅ ሄዝል ናት፤ አድጋ፣ ወደ ኋላ እያየች።

አዲስነቱ ለእኔ ነው እንጂ ሥራው ቆይቷል። የመጀመሪያው እትም የወጣው በመጋቢት 2012 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ አሳታሚው ኢሜጅ ኮሚክስ። በ2013 ለሳይንስ ልቦለድና ለፋንታሲ የሚሰጠውን የሁጎን ሽልማት በሥዕላዊ ታሪክ ዘርፍ ወስዷል። በዚያው ዓመት የኮሚክ ሰዎች ትልቁ ሽልማት ከሆነው ከአይዝነርም ሦስት አንስቷል።

የእኔ አቋም ይኸው፦ ኮሚክ አንብቦ የማያውቅ ትልቅ ሰው ከዚህ ይጀምር። መንኮራኩሩ፣ አስማቱ፣ በራሱ ፋንታ ቴሌቪዥን የተገጠመለት ልዑል፣ ሁሉም ዓይን ይስባል። ውስጡ ያለው ግን የቤት ጣጣ ነው። ልጅ ማን ይይዛል? ገንዘብ ከየት ይመጣል? አማት ሳይጠሩ ከች ቢሉስ? ሞግዚቷ ፈንጂ ረግጣ የሞተች ልጅ መንፈስ ናት፤ ከወገቧ በታች የለችም። ሆኖም የምትጨቃጨቀው ልክ እንደ ማንኛዋም የጎረምሳ ዕድሜ ልጅ ነው።

ማሳሰቢያ፦ ለአዋቂ ብቻ ነው። እርቃን አለ፣ ደም አለ፣ ስድብ አለ።

ጥያቄዬ፦ ቀጣዮቹን ቅጾች እንዴት ላግኝ? እዚህ ከተማ የሚያነብ አለ?

—

ክሩ ስለረዘመ ዘግይታችሁ ለመጣችሁ ከዚህ በታች ምላሾቹን በራሴ አፍ አሳጥሬያቸዋለሁ። የሰው ቃል አልገለበጥኩም።

ምላሽ 1። የመጀመሪያዋ መላሽ ጨዋ ናት። እንኳን ደስ አለህ ብላ ጀመረች። ዩኒቨርሲቲ እያለች መጽሐፉ ዶርም ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አይታዋለች፤ ተራዋ ሳይደርስ ተመረቀች። አሁን መጽሐፉን ለመዋስ እኔ ጋ ወረፋ ይዛለች። ተመዝግቧል።

ምላሽ 2። የፊዚክስ መምህር ናቸው። ሳይንስ የሚለው ቃል ይውጣልኝ ይላሉ። ባለታሪኮቹ የሚሸሹበት መርከብ ዛፍ ነው፤ ሥር ያለው፣ በጠፈር የሚበር ዛፍ። በእሳቸው ዓይን ይህ ተረት ነው። ተረት መሆኑ ነውር የለውም፣ ግን በሳይንስ ስም አይነገድበት ነው ነገራቸው። ትሕትና አልጎደላቸውም። ትዕግሥት ግን ትንሽ ነበራቸው።

ምላሽ 3። ይህን የጻፈው ልጅ ቤቱን የሚያውቅ ነው። መምህሩን በራሳቸው ሜዳ ገጠማቸው። ላንድፎልና ሪዝ በገዛ ምድራቸው መዋጋት የተዉት ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። አንዷ ብትጠፋ ሌላዋ ከምሕዋሯ ስለምትወጣ ነው። ስለዚህ ጦርነቱን ወደ ሌሎች ፕላኔቶች ላኩት። አሁን የሌላ ሰው ልጅ ይሞትላቸዋል። ይህ ስበት ነው፣ ታሪኩም የቆመው በእሱ ላይ ነው አለ። ከዚያ የዚህን ዓይነት ኮሚክ ዘር ቆጠረ። ፈረንሳዮቹ ክሪስተንና ሜዚየር በ1967 «ፒሎት» መጽሔት ላይ «ቫሌሪያን»ን ጀመሩ። በ1975 ሠዓሊው ሞቢየስና ጓደኞቹ «ሜታል ዩርላን» የተባለውን መጽሔት አወጡ። እዚያው ላይ በ1980 ሞቢየስ ከጸሐፊው ከዮዶሮቭስኪ ጋር የሠራው «ኢንካል» ተጀመረ። መንኮራኩርና አስማት በአንድ ገጽ ላይ መኖር የጀመሩት ትናንት አይደለም ማለቱ ነው።

ምላሽ 4። መምህሩ ተመለሱ። ስበቱን ተቀበሉ። ዛፉን አልተቀበሉም። እስከ ክሩ መጨረሻ ዛፉ ላይ ቆመው ቀሩ።

ምላሽ 5። ይሄ የእኔ ተወዳጅ ምላሽ ነው። የሱቅ ማስታወቂያ በእጁ የሚጽፍ ሠዓሊ ነው፤ ፒያሳ ያሉ ቦርዶች ላይ እጁ አለበት። ታሪኩ ብዙም አልገረመውም። ሥዕሉን ግን በጥፍር ቆንጥጦ ነው ያየው። ስቴፕልስ የምትሥለው በኮምፒውተር ነው። ሰዎቹን በጠቆረ መስመር ታወጣቸዋለች፤ ከኋላቸው ያለውን ሰማይና ጫካ ግን ያለ መስመር በቀለም ብቻ ታለሰልሰዋለች። እንደ ድሮ የካርቱን ፊልም ማለት ነው። ስለዚህ ገጹ ምንም ቢጨናነቅ ዓይን መጀመሪያ ፊት ላይ ያርፋል። ሌላም ነገር አሳየን። የሄዝል ትረካ ሳጥን የለውም። ሥዕሉ ላይ በቀጥታ በእጅ ጽሑፍ ተጽፏል፤ የምትጽፈውም ራሷ ሠዓሊዋ ናት። የሌሎቹ ንግግር ክቡ ውስጥ በተራ የኮሚክ ፊደል ነው። አንዲት ትልቅ ሴት የቤተሰብ አልበም ይዛ ፎቶው ላይ ማስታወሻ የጻፈች ይመስላል።

እኔም እዚህ ላይ የሙያዬን ጣልቃ አስገባሁ። የእንግሊዝኛ ኮሚክ አብዛኛው በትልልቁ ፊደል ይጻፋል። እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም። ጩኸትንና ሹክሹክታን የምንለየው በመጠንና በውፍረት ነው። መጠኑ ሲያንስ ደግሞ የ«ቧ»ና የ«ሟ» እግር ቀለም ይጠጣና ይጠፋል። ባነር ላይ ጉዳዩ ቀላል ነው፤ እጅ የምታህል ክብ ውስጥ ግን ይቸግራል። ሠዓሊው መልስ ሰጠኝ፦ ፊደሉ በእጅ ይጻፍ፣ ኮምፒውተር አያውቅልህም ብሎ ዘጋው።

ምላሽ 6። እናት ናቸው፣ ተቆጥተዋል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸው ስልካቸው ላይ ይህንኑ ክር ከፍቶ አግኝተውታል። ልጅ የኮሚክ ሥዕል ካየ ማሳሰቢያ አያነብም ይላሉ። የመጀመሪያው እትም ሽፋን ላይ ራሱ አላና ጡት እያጠባች ነው። እሳቸው ግን የጡቱ ነገር እንዳልከነከናቸው አጥብቀው ጽፈዋል፤ በባስ ውስጥም የምናየው ነው አሉ። የከነከናቸው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ለልጆች የሚሆነውን ንገሩኝ ብለው ጨረሱ።

ምላሽ 7። ለእሳቸው የተሰጠ ነው፣ መልካም ጥቆማም ነው። ብስራት ደበበ ያቋቋመው ኢታን ኮሚክስ በ2018 (እ.ኤ.አ.) «ጀምበር» የተባለውን የልዕለ ኃያል ኮሚክ አወጣ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም አለ። ባለታሪኩ አዲስ አበባ ውስጥ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ከዚያ «ሐዊ» ተከተለች፤ ሴት ጀግና። መላሹ እህቱ ለልጆቿ እንደምታነብላቸው ነግሮናል።

ምላሽ 8። ከዚህ ጀምሮ ድምፁ ይጠጥራል። ሰው ስለ ሳይንስ ፋንታሲ ጠየቀ፣ እናንተ ስለ ልዕለ ኃያል ታወራላችሁ አለ። ካባ የለበሰ ሁሉ አንድ ነው እንዴ ብሎ አፌዘ። ምላሽ 7 ደግሞ ዝም የሚል አይደለም። ሥራ አጥ ተመራቂ ጀግና የሆነበት ታሪክ ከዛፍ መርከብ ይልቅ ለሀዋሳ ልጅ ይቀርባል ብሎ መለሰለት። መምህሩ ዛፉ ሲነሳ ደስ ብሏቸው ላይክ አደረጉ።

ምላሽ 9። የቴሌግራም ሊንክ። ሙሉ ፒዲኤፍ፣ በነፃ። ከስሩ የሳቅ ምልክት።

ምላሽ 10። እሳት። የልጆች መጽሐፍ የምትሥል ልጅ ናት። የራሷ ሥራ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ግሩፕ ለግሩፕ ሲዞር አይታለች። የአሳታሚው ስልክ ቁጥር ያለበት ገጽ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ያ ነው ያቃጠላት። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 በዚህች አገር እንዳለ አስታወሰች። ሊንኩን የለጠፈውን ሌባ አለችው። ቃሉ ከብዷል፤ ቁጣዋ ግን አልበዛብኝም።

ምላሽ 11። ሊንኩን የለጠፈው ተመለሰ። ብር አለኝ፣ ዶላር የሚከፍል ካርድ ግን የለኝም ነው ክርክሩ። በቴሌብር ሽጡልኝና ነገውኑ ልግዛ፤ እስከዚያው በምን ልብላው አለ። ብዙ ሰው አጨበጨበለት። ችግሩ እውነት ነው፤ የብዙዎቻችን ችግር ነው። የትልልቅ ኩባንያ ገንዘብ ነው፣ ማንም አይጎዳም ብሎ ባይጨምርበት ኖሮ ከእሱ ጋር እቆም ነበር።

ምላሽ 12። ምላሽ 3ን የጻፈው ልጅ በዚችው ጫፍ ያዘው። ኢሜጅን በ1992 የመሠረቱት ራሳቸው ሠዓሊዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ከትልቁ የኮሚክ አሳታሚ ከማርቭል ወጥተው። የወጡበት ምክንያት የፈጠሩት ሥራ የእነሱ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ ኢሜጅ ላይ መብቱ የጸሐፊውና የሠዓሊዋ ነው። «ሳጋ»ን በነፃ የወሰደ ከሁለት ሰው ኪስ ነው የወሰደው። ከዚህ በኋላ ሊንኩ ጠፋ። አስተዳዳሪው ያንሣው ለጣፊው አላወቅንም።

ምላሽ 13። ጥያቄዬን በቀጥታ የመለሰልኝ ይህ ብቻ ነው። ቅጾቹ ስድስት ስድስት እትም ይይዛሉ። የመጀመሪያዎቹ 54 እትሞች ዘጠኝ ቅጽ ይሆናሉ። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ግን ሁሉም በአንድ ጥራዝ ወጥተዋል፤ ከ1,300 ገጽ በላይ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለው ይህን ያስመጣ፣ ዘጠኝ ጊዜ ከመለመን አንድ ጊዜ መለመን ይሻላል ይላል። የአክስቴን ልጅ ሻንጣ አስታውሼ ሳቅሁ።

ምላሽ 14። የባጃጅ ሹፌር ነው። መጽሐፉን አላየውም፤ ስለ ድመቷ ግን ሰምቷል። ታሪኩ ውስጥ በቅጥር የሚገድል አንድ ሰው አለ። አብራው የምትሄድ ትልቅ ድመት አለችው። ሰው ሲዋሽ ዋሸህ ትላለች፤ ሥራዋ ይኸው ነው። ሹፌሩ እንዲህ ያለች ድመት ኋላ ወንበር ላይ ቢያስቀምጥ ከመናኸሪያ ሲወጣ ዝርዝር የለኝም የሚለው ተሳፋሪ ሁሉ ያልቅለት ነበር ይላል። ወዲያው አንድ ተሳፋሪ መጣና ድመቷ መጀመሪያ የምትጮኸው በሹፌሩ ላይ ነው አለው።

ከ15 እስከ 18። ዓሣ። እንዴት እንደደረስን እንጃ። ከክንፍ ወደ ትልቁ ወፍ ወደ አባ ኮዳ፣ ከአባ ኮዳ ወደ ዓሣ ገበያው ወደ አሞራ ገደል፣ ከዚያ የቆሮሶ ዓሣ ዋጋ። አንዱ አሞራ ገደል ላይ ዓሣው ሲበለት አጠገብ የቆሙትን አባ ኮዳዎች ያየ ሰው ክንፍ ያለው ወታደር ለመሣል ላንድፎል መሄድ አያስፈልገውም አለ። ጥሩ ብሏል። ሌሎቹ ሦስቱ የዋጋ ምሬት ናቸው፤ ዘለልኳቸው።

ምላሽ 19። ወደ ጉዳዩ የመለሰችን ልጅ ናት። የሪዝ ሰዎች የሚናገሩት ቋንቋ ብሉ ይባላል። ልቦለድ ቋንቋ መስሎ ገጹ ላይ ሳይተረጎም ይታተማል። እውነቱን ከፈለጋችሁ ግን ኤስፔራንቶ ነው፤ ሰው ሠራሽ ቢሆንም በእውን ያለ ቋንቋ። የማርኮ ወላጆች በብሉ ሲያወሩ አንባቢው ከአላና ጋር አብሮ ይደናገራል። ልጅቷ ያገባችው ሲዳማ ነው። አማቶቿ ቤት የገባች ሰሞን በሲዳምኛ፣ በሲዳሙ አፎ ሲሳሳቁ የምትስቀው ፊታቸውን እያየች እንደነበር ጻፈች። ያን ገጽ ስታነብ አላናን ለማወቅ ምንም አልቸገራትም።

ምላሽ 20። የሚረገም ምላሽ። ተከታታዩ በሐምሌ 2018 (እ.ኤ.አ.) ከ54ኛው እትም በኋላ ቆመ፤ 55ኛው የመጣው በጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ነው። ዕቅዱ 108 እትም ነው፣ ማለትም የቆመው እኩሌታው ላይ ነበር። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። ሰውዬው ግን ቀጠለና 54ኛው ላይ ማን እንደሚሞት በስም ጻፈ። እዚህ አልደግመውም።

ከ21 እስከ 23። ስድብ። ምላሽ 1 ላይ ያየናት ጨዋ ልጅ እንኳ ዓመታት ወረፋ ጠብቄ በአንድ መስመር በላኸኝ ብላ ጮኸችበት። እሱ ደግሞ ከዓመታት በፊት ስለወጣ ነገር ምስጢር የለም ብሎ ተሟገተ። ምላሹ ተሠረዘ፤ ያነበብነው ግን አነበብነው። እኔ ቅጽ አንድ ላይ ነኝ፣ አስቡት።

ምላሽ 24። በዕድሜ የገፉ አባት ይመስሉኛል። ኮሚክ አዲስ ነገር አታድርጉት ይላሉ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚያሳየው የባህል ሥዕል በረድፍ በረድፍ ተከፋፍሎ፣ ብዙ ጊዜ በ44 ሳጥን፣ ከዘንዶው እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ ይሄዳል። ከሥሩም ጽሑፍ አለው። ዘንዶ የሚነግሥበት ታሪክ ከፋንታሲ በምን ያንሳል? ይህን ያህል ነው የጻፉት። ሠዓሊው ከምላሽ 5 መጥቶ እጅ ነሳቸው፤ እሱም ጀማሪ ሳለ ያንን ሥዕል ለቱሪስት ገልብጧል።

ምላሽ 25። ክሩን ሌላ ቦታ የወሰደው ይህ ነው። የሲዳማ ልጅ ነው። እኛ ስለ ላንድፎል ስንከራከር አያንቶዎቹን ረስተናል አለ። አያንቶ የሚባሉት ሽማግሌዎች ከዋክብትን አይተው የሲዳማን ዘመን መለወጫ፣ የፊቼ ጨምበላላን ቀን ይቆርጣሉ። ፊቼ በ2015 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ መዝገብ የገባ በዓል ነው። እኛ ጉዱማሌ አደባባይ የምንጨፍርበት ቀን የሚወሰነው ሰማይ ታይቶ ነው። ሰማይ ማንበብ ሳይንስ ነው፤ አብሮት ያለው እምነትና ሥርዓት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ኮከቡ አንድ ሌሊት ካለቦታው ቢገኝስ? ሽማግሌው ያየውን ለልጅ ልጁ ብቻ ቢነግርስ? እንዲህ እያለ፣ ከዚህ የራሳችን ኮሚክ ቢሠራ ብሎ የመጀመሪያውን ገጽ በቃል ሣለልን፦ ከላይ ሰፊ ጨለማ ሰማይ፣ ከታች ሐይቁ፣ ሐይቁ ላይ የሌለ ኮከብ።

ምላሽ 26። እሷም ሲዳማ ናት፣ አልተደሰተችም። ሽማግሌን ጠንቋይ አድርጎ ካባ ማልበስ ክብር አይደለም ብላ መጣች። አያንቶ አስማት አይሠራም፤ አይቶ ይቆጥራል። ፋንታሲ ውስጥ ከከተታችሁት ነገ ልጆቻችን እውቀቱን ተረት ነው ይላሉ። ከዚህ ክር ውስጥ የመምህሩን ክርክር በደንብ የተናገረችው እሷ ነች፣ ያውም ከእሳቸው በተሻለ።

ምላሽ 27። ልጁ አልተናደደም። ሽማግሌው እንዳለ ይሁን፣ ያልተለመደው ነገር ሰማዩ ላይ ይሁን አለ። ሰውየው በትክክል ይቆጥራል፤ የሚሳሳተው ኮከቡ ነው። እሷ ይህን ወደደችው፣ ግን ቅድመ ሁኔታ አላት፦ አንድ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ሳያነብበው አይታተምም። «ሳጋ»ን እንዲያ የወደድኩበት ምክንያት እዚህ ጋ ተገለጠልኝ። ማርኮ ዱአ እንደሚያደርግ ሰው ቁም ነገር አድርጎ ነው አስማቱን የሚሠራው፤ ማንም አይስቅበትም። ሠዓሊዋ ቀንዱን እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ጆሮ ነው የሣለችው።

ምላሽ 28። ሠዓሊው እኔ ፊደሉን እጽፋለሁ አለ። የልጆች መጽሐፍ የምትሥለው ልጅ ደግሞ ሰማዩን ልሞክረው አለች፤ ፒዲኤፍ የለጠፈው ሰው አጠገቧ እንዳይቀመጥ ግን አስጠነቀቀች።

ከ29 እስከ 32። የምንገናኝበት ቦታ። አንዱ ፍቅር ሐይቅ አለ። ሌላው ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ገጽ ያገላብጣል፣ ፎቶ አንሺውም አያስቀምጥም አለ። እናትየው፣ ምላሽ 6፣ ልጄን ይዤ ከመጣሁ «ጀምበር» ብቻ ጠረጴዛ ላይ ይሁን አሉ። የተስማማነው ፒያሳ ያለች አንዲት ጀበና ቡና ቤት ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ መብራት ቢጠፋም ብርሃን ስላላት።

ምላሽ 33። መምህሩ። መጽሐፉን ለመዋስ ወረፋው ውስጥ እንድጨምራቸው ጠየቁ። ከአንደኛዋ ልጅ ቀጥሎ። አንድ ልመና አላቸው፦ ዛፉ ያለበት ገጽ ዳር ላይ ተቃውሟቸውን በእርሳስ መጻፍ ይፈልጋሉ። ሠዓሊው እንኳን እርሳስ ጥፍር አይነካውም አለ። እኔ ደብተር ይዘው ይምጡ ብያቸዋለሁ፤ ገና አልመለሱልኝም።